የክር ዲግሪ

በሀዋሳ ስለዚያ ኬሚካል የሚወራው ሐሰት ነው። ኬሚካሉ ሠርቷል። እንዲያውም በዚያ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ የተባለውን ነገር በትክክል የሠራ ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። "ወዳጅ አገር የጣለችብን ቆሻሻ ነው፤ ናፍጣችንን አበላሸው" የሚሉ ጡረተኞች ዛሬም ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እሰማለሁ። ድሮ እከራከራቸው ነበር። አሁን ሻዬን ጨርሼ እነሣለሁ።

ነገሩ ምን እንደነበር ላስረዳ። ከመሬት የሚወጣ ድፍድፍ ነዳጅ ሁሉ እንደ ውሃ አይፈስም። ከባድ የሚባለው ዓይነት የሬንጅ ወንድም ነው፤ ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ ፓምፕ ተተክሎለት እንኳ አልወጣም ብሎ ይተኛል። ለእሱ የተሠራ ኬሚካል አለ። ከብዙ ውሃ ጋር ተበጥብጦ ወደ ጉድጓዱ ይወርድና ዘይቱን ጥቃቅን ነጠብጣብ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይበትነዋል። ከዚያ በኋላ የሚፈሰው ዘይቱን ያዘለው ውሃ ነው። ፓምፑ ውሃ የሚስብ ይመስለዋል። ላይ ከወጣ በኋላ ውሃውን ለይተው ይጥሉታል። ብልህ ሥራ ነው። አገራችን በዚያ ዘመን ድፍድፍ ከመሬቷ አታወጣም ነበር። ድፍድፍ ማቅጠኛ ግን ስድስት በርሜል ነበራት፤ ስድስቱም እኔ ጸሐፊ በሆንኩበት ንብረት ክፍል ውስጥ ቆመው ነበር።

ማን እንደላካቸው የሚያውቅ አልነበረም። ጭነት መኪናው የመጣው በሰባዎቹ አጋማሽ በአንዱ ክረምት ነው። ሾፌሩ ያሳየኝ ወረቀት ላይ "ዘይት ነክ ዕቃ፣ ዘይት ለሚጠቀም ድርጅት" የሚል ተጽፏል። እኛ ጨርቅ የምንሠራ ፋብሪካ ነን፤ ግን ቦይለር አለን፤ ቦይለሩም ጥቁር ናፍጣ ይበላል። ሾፌሩም ወደ መናኸሪያ ሄዶ ምሳ መብላት ፈልጓል። ፈረምኩ።

ጥቁር ናፍጣው ከአሰብ በቦቴ የሚመጣ፣ ወፍራም፣ ሌላው ነዳጅ ሁሉ ተጣርቶ ሲወጣ የቀረ አተላ ነው። ሀዋሳ ሞቃት ናት ለሚል ሰው፣ በነሐሴ ጧት ከሐይቁ የሚነሣውን ንፋስ ያልቀመሰ ነው እለዋለሁ። በዚያ ሰዓት ናፍጣው ቧንቧ ውስጥ ይረጋል። ቦይለሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ በየጧቱ ቀድመው ይገቡና፣ ትንሹን እሳት በላምባ አንድደው፣ በምትገኘው እንፋሎት ናፍጣውን ቀስ እያሉ ያሞቁታል። ቧንቧዎቹን ከፈትል ክፍል በወጣ የጥጥ ውድቅዳቂ ጠቅልለዋቸዋል፤ አራስ ቤት ያለ ሕፃን ይመስላሉ። ናፍጣው እስኪቀጥን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያለ እንፋሎት የማይሠራው ማቅለሚያ ክፍል በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ስለ ሽማግሌው ትንሽ ልበል። የተወለዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ አማርኛን የተማሩት አድገው ነው፤ ሲናገሩ ቃል አያባክኑም። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቷል። በዚያ ዘመን ጴንጤ መባል ስድብም ክስም ነበር፤ እሳቸውን ግን በፊታቸው የሚሰድባቸው አልነበረም፤ ቦይለሩን ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው ስለሌለ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር።

የቦይለሩ መዝገብ ላይ "ውፍረት" የሚል ዓምድ አለ። በየሰዓቱ ቁጥር ይሞላበታል። ቁጥሩን የሚሰጠው የመለኪያ ዕቃ ከፋብሪካው ጋር አብሮ ይመጣል ተብሎ አልመጣም። ዓምዱ ግን በየሰዓቱ ተሞልቶ ነው የማገኘው፦ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት። አንድ ቀን ላምባ የወሰዱበትን ላስፈርም ስሄድ ሲለኩ ደረስኩ። በትር ወደ ታንከሩ ነክረው ከፍ አደረጉት። ናፍጣው ከበትሩ ጫፍ እንደ ክር ተንጠለጠለ። እሳቸው ክሩን ትክ ብለው እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የቦይለሩ ጩኸት ጆሮ ስለሚደፍን ምን እንደሚሉ አልሰማሁም። ክሩ ተበጠሰ። "ሦስት" ብለው ጻፉ።

"ጋሼ፣ ሦስት ምን?" አልኳቸው ጆሯቸው ላይ ጮኼ።

ወደ ደጅ ይዘውኝ ወጡ። "መዝሙር ነው" አሉኝ። "በሲዳምኛ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ተበጠሰ። ሁለተኛው ላይ ሲበጠስ እሳቱ ይወደዋል።"

"በሰዓት ቢለኩትስ?"

"ሰዓት የለኝም። መዝሙሩ አይቸኩልም፤ አይዘገይም። ሠላሳ ዓመት ዘምሬዋለሁ።"

ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ ውፍረትን በጊዜ መለካት በዓለም ያለ ዘዴ እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ሳይንስ የሚባል ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው። መዝሙር ስለሆነ ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸውም የሚዘምሩበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም፤ የቦይለሩ ጩኸት ድምፃቸውን ይሸፍንላቸዋል።

አሁን ወደ ስብሰባው። የፋብሪካው የሠራተኞች ኮሚቴ እነዚያን ሁለት የጧት ሰዓታት ለማስቀረት ተሰበሰበ። ለአብዮቱ በዓል የሚለበስ ካኪ ታዟል፤ ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሊቀመንበሩ ከፈትል ክፍል የመጣ፣ ደግ ሊባል የሚችል፣ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ስለሆንኩ የበርሜሎቹን መመሪያ ተርጉመህ አንብብ ተባልኩ። አነበብኩ። ኬሚካሉ ለጉድጓድ እንደሆነ የሚለውንም አነበብኩ።

"ዘይት ዘይት ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "ቀጥል፣ ጓድ።"

"አንድ ኩባያ ኬሚካል፤ ለሁለት በርሜል ዘይት አንድ በርሜል ውሃ…"

"ውሃ?"

"ውሃ ይላል።"

"ነዳጅ ላይ?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ጸጥታ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያው ሳምንት ወተት ላይ ውሃ ጨምሮ የሸጠ ነጋዴ ቆርቆሮውን ተሸክሞ በገበያ ውስጥ እንዲዞር ተደርጓል። ከኮሚቴው አባላት ግማሾቹ ወጥተው አጨብጭበውለታል፤ ማለት አጨብጭበውበታል። ውሃ መጨመር በዚያ ሰሞን የወንጀል ሁሉ አባት ነበር።

"ያንን ነጋዴ አዙረን ስናበቃ" አለ ሊቀመንበሩ፣ "እኛ ራሳችን የሰፊው ሕዝብ ነዳጅ ላይ ውሃ ልንጨምር ነው?"

አንዱ ውሃው ጨርሶ ይቅር አለ። ሌላው መመሪያውን ማክበር ያስፈልጋል አለ። ከሽመና ክፍል የተወከለችው ሴትዮ፣ "ጋሼን ለምን አንጠይቅም?" አለች፤ ለአጀንዳው አይመችም ተባለ። በመጨረሻ ሁለቱንም ወገን ያስታረቀ ሐሳብ ወጣ፦ ውሃው ወደ ሩብ ይቀነስ፣ ማለት ከተጻፈው ሩቡ ብቻ ይግባ፤ ለማካካሻ ደግሞ ኬሚካሉ እጥፍ ይሁን። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም እጄን አወጣሁ። የወጣው እጅ ሁሉ ሲቆጠር የእኔ ባይኖር ይታወቅ ነበር።

መመሪያው ውሃ ማሳነስ ምን እንደሚያመጣ በግልጽ ጽፏል። ውሃው ካነሰ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዘይቱ ውሃ ውስጥ መበተኑ ቀርቶ ውሃው ዘይቱ ውስጥ ይበተናል፤ ውፍረቱም ከፊተኛው ይብሳል። ይህንን አንብቤላቸዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አልሰፈረም፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ውሳኔውን እንዲሰሙ ተጠሩ። መመሪያውን ደግሜ አነበብኩላቸው፤ ቆመው ሰሙ።

"ይሄ ለጉድጓድ ነው ብሏል ልጁ" አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። "እኔ ጉድጓድ የለኝም። ቦይለር ነው ያለኝ።"

"ጋሼ፣ አዲስ ነገር መፍራት የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ነው" አለ ሊቀመንበሩ በትሕትና።

"አልፈራሁም። እሳት ውሃ አይበላም ነው የምለው።"

"እርስዎ ይጨምሩ፤ እሳቱን ለእኛ ይተዉት።"

ጨመሩ። ከመጨመራቸው በፊት አሙቀውት ስለነበር፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ "ሁለት" ይላል። ሁለት ሰዓት ላይ "ስድስት"። ሦስት ሰዓት ላይ "ዘጠኝ"። እሳቸው በየሰዓቱ እየመጡ ለሊቀመንበሩ ነገሩ እየወፈረ መሆኑን ነገሩት። እሱ ደግሞ ገና ስላልተዋሐደ ነው፣ ይማሰል አላቸው። ሲማሰል ባሰበት። አራት ሰዓት ላይ ቁጥር የለም፤ "አላለቀም" ተብሎ ተጽፏል። መዝሙሩ አልቆ ክሩ አልተበጠሰም። ሄጄ አየሁት። ጥቁር የቡላ ገንፎ ነበር። በትሩን መሐሉ ላይ ሰክተውት ብቻውን ቆሟል።

ቦይለሩ ጠፋ። ማቅለሚያው ውስጥ የነበረው ካኪ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ የአህያ ሆድ መስሎ ወጣ። ታንከሩን በአካፋ ቆፍሮ ለማጽዳት አራት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን "አሻጥር" የሚለው ቃል ግቢው ውስጥ ይሰማ ጀመር። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ይታወቃል። ናፍጣውን የነካው እጅ አንድ ነው፤ ባለቤቱም ጴንጤ ነው። አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው ቤተሰቦቹ ስንቅ ይዘው ደጅ ለደጅ ሲንከራተቱ እንጂ ሲመለስ አይቼ አላውቅም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሦስት መርማሪዎች በጂፕ መጡ። በስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ሦስቱ፣ ሊቀመንበሩ፣ የሽመናዋ ሴትዮ፣ ሽማግሌውና ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ተቀመጥን። የመርማሪዎቹ አለቃ ረጅም፣ በግራ እጁ ትልቅ ሰዓት ያሰረ ሰው ነው። መዝገቡን ገለጠ።

"ሁለት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ" አለ። "ይሄንን የጻፍከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ናፍጣው እየወፈረ መሆኑን እያየህ ነበር ማለት ነው።"

"እያየሁ ነበር። እየነገርኩም ነበር።"

ሊቀመንበሩ ጫማውን አየ። መርማሪው ጣቱን ቁጥሩ ላይ አደረገ። "ሁለት ምን?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አደረጉ።

"ሁለት ኪሎ? ሁለት ሊትር? ይሄ ቁጥር በልኬት የተገኘ ከሆነ አስጠንቅቀሃል። ዝም ብሎ የተሞላ ከሆነ ግን ቦይለሩ ከጠፋ በኋላ ራስህን ለማዳን ቁጭ ብለህ የጻፍከው ነው። ስለዚህ ልድገመው። ሁለት ምን?"

ሁለት የመዝሙር ስንኝ ቢሉ፣ በመንግሥት ፋብሪካ በሥራ ሰዓት በየሰዓቱ ሲዘምሩ ነበር ማለት ነው፤ ማስረጃውም በእጃቸው ተጽፎ ሦስት ዓመት ሙሉ መዝገብ ላይ አለ። ሌላ ነገር ቢሉ ይዋሻሉ። እሳቸው አይዋሹም። ጠረጴዛውን እያዩ ዝም አሉ። የመርማሪው ብዕር ወረቀቱ ላይ ወረደ።

"ጓድ" አልኩ እኔ። "ዲግሪ ነው።"

"የምን ዲግሪ?"

"የክር ዲግሪ። ከባድ ዘይት የሚለካበት ነው። በወዳጅ አገሮች የታወቀ ነው።"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ክር የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነን፤ ዲግሪ ደግሞ ማንም የሚያከብረው ነገር ነው። መርማሪው ለጥቂት ጊዜ አየኝ። ከጎኑ ያሉት ሁለቱም አዩት። አንድ ነገር አለማወቅ በዚያ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከባድ ነው።

"አውቀዋለሁ" አለ። "ግን በዚህ አገር ይሠራበታል ብዬ አላሰብኩም። ያሳየን።"

ቦይለር ቤቱ ገባን። ቦይለሩ ስለጠፋ ጸጥ ያለ ነው፤ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ያልተበላሸ ናፍጣ በባልዲ ቀረበ። ሽማግሌው በትሩን ነክረው አወጡ። ከንፈራቸው ግጥም እንዳለ ነው። መርማሪው ሰዓቱን ይዟል። ክሩ ሲበጠስ "አራት" አሉ። "ይደገም" አለ። ደገሙ። አራት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነክሩ የሽመናዋን ሴትዮ አየኋት፤ እጇን ነጠላዋ ሥር አድርጋ በጣቷ ጭኗን ቀስ ብላ ትመታለች። እኔ ሳያት አቆመች። አራት።

"ሦስቱም ጊዜ አንድ ሰኮንድ እንኳ አልተዛነፈም" አለ መርማሪው ሰዓቱን ወደ እጅጌው እየመለሰ። "ይሄ ነው ሥራ።" ለሽማግሌው እጁን ዘረጋላቸው። ጨበጡት። ፊታቸው ላይ ደስታ አላየሁም።

ሪፖርቱ ውስጥ ጥፋተኛ ሰው የለም። ጥፋተኛው መመሪያው ነው፤ "የአገራችንን ተጨባጭ ሁኔታ ያላገናዘበ" ተባለ። የቦይለሩ ሠራተኛ ግን በሳይንሳዊ አሠራራቸው ተመሰገኑ። ከወር በኋላ አዲስ የመዝገብ ቅጽ ታትሞ መጣ። "ውፍረት" የሚለው ዓምድ ሥር በቅንፍ "በክር ዲግሪ" ይላል።

ቅጹን ይዤ ቦይለር ቤት ሄድኩ። ምስጋና ጠብቄ እንደነበር አልክድም።

"በእኔ ስም ዋሽተሃል" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሊወስዱዎት ነበር እኮ።"

"ቢወስዱኝ እኔን ነው። ማን ዋሽልኝ አለህ? ዝም ያልኩት ለመናገር ጉልበት እየለመንኩ ነበር። ልናገር ስል ቀደምከኝ።"

"ልጆችዎስ?"

"ስለ ልጆቼ እግዜር ይስጥህ" አሉ። "ስለ ውሸቱ ግን አልሰጥህም።"

በማግሥቱ ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገብተው ሁሉንም ነገሩት። መዝሙር ነው፣ ዲግሪ የሚባል ነገር የለም አሉት። ይህን የነገረኝ ራሱ ሊቀመንበሩ ነው፤ ላብ እያጠመቀው መጥቶ። መልሱም እንዲህ ነበር፦ "ጋሼ፣ ሪፖርቱ አዲስ አበባ ሄዷል። ቅጹ ታትሟል። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ እርስዎም አልገቡም።" ሽማግሌው በሩን ዘግተው ወጡ። በእውነት ራሳቸውን አሳልፈው ሊሰጡ ቢመጡም የሚቀበላቸው አጡ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። "ውሸቱን የሰሙ ሰዎች አሉ። ለእያንዳንዳቸው እውነቱን ንገር። ዛሬ አልልህም፤ ዛሬ ትፈራለህ። ግን ንገር።"

የሰሙት አምስት ናቸው። ሊቀመንበሩን እሳቸው ራሳቸው ነግረውታል። ለሽመናዋ ሴትዮ መንገር አላስፈለገም፤ ለካ እሷም የዚያው የተዘጋው ጸሎት ቤት ሰው ነበረች፤ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባገኘኋት ጊዜ፣ "እኔ እንኳ አራተኛው ስንኝ ላይ መዝሙሩ ሊያመልጠኝ ነበር" ብላ ሳቀችብኝ። ከሦስቱ መርማሪዎች አንዱን ከብዙ ዓመት በኋላ መናኸሪያ አውቶቡስ ሲጠብቅ አገኘሁት። ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ "ተሳስተሃል ወንድሜ" አለኝ፤ "የክር ዲግሪን እኔ ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ።" አውቶቡሱ መጣ። ሽማግሌው ንገር እንጂ አሳምን ስላላሉኝ ቆጥሬዋለሁ።

ይህን ሄጄ ስነግራቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ጸሎት ቤቱ ተከፍቶ፣ ጥቂት ዓመት በአደባባይ ዘምረው፣ ደክመው ነው። "ስንት ቀረ?" አሉኝ። "ሁለት" አልኳቸው። "ፈልጋቸው" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። በዚያው ወር ቀበርናቸው።

ፈለግኋቸው፤ አላገኘሁም። ስማቸውን ያኔም በደንብ አልሰማሁም፤ እንኳን ዛሬ። የማውቀው አንደኛው ዝምተኛና አጭር፣ ሁለተኛው ረጅም፣ በግራ እጁ ትልቅ ሰዓት የሚያስር እንደነበር ነው። አንባቢ፣ አባትህ ወይም አጎትህ በዚያ ዘመን በደቡብ ፋብሪካዎችን እየዞረ ሲመረምር ከነበረና በሕይወት ካለ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጥና ዛሬውኑ ሄደህ ንገረው። የመዝሙር ስንኝ ነበር በለው። የዋሸህ የንብረት ክፍሉ ጸሐፊ ነው፤ ሽማግሌው አልዋሸህም በለው።